በወህኒ ያለ አባትና በቤት የቀረ ልጅ

ስለ ታሰረ ሰው ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነሣው የበደሉና የፍርዱ ነገር ነው፤ በቤቱ ስለ ቀሩት ልጆች የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ፍርዱ የተፈረደው በአንድ ሰው ላይ ቢሆንም፥ ጓዳው ሲጎድልና ልጁ ከትምህርት ሲቀር ቅጣቱ ላልበደሉትም ይተርፋል። ስለዚህ በዛሬው የቤተ ሰብ ገጻችን የታሰሩ አባቶችን በፈቃድ እየሄዱ ስለ ማጽናናት ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ነገራችንን ከኩየራ እንጀምር። ኩየራ ከሻሸመኔ በስተ ሰሜን በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. የአድቬንቲስት ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ከተከፈተባት ወዲህ ስሟ ከትምህርት ጋር ይነሣል። በሻሸመኔ ማረሚያ ቤት አለ፤ ከዚያም ወደ ሰሜን በዝዋይ፥ ዛሬ ባቱ በምትባለው ከተማ፥ ሌላ አለ። እንግዲህ ለኩየራ ሰው እስረኛን መጠየቅ ሩቅ አገር የሚያስኬድ ምግባር አይደለም።

ምግባሩም ለሕዝባችን እንግዳ አይደለም። የማቴዎስ ወንጌል በምዕራፍ 25 እስረኛን መጠየቅን የተራበን ከማብላት ጋር ይቈጥረዋል፤ ቁርኣንም በ76ኛው ሱራ ድኻን፥ የሙት ልጅንና ምርኮኛን የሚያበሉትን ያመሰግናል። ስንቅ ቋጥሮ ወደ ወህኒ ደጅ መሄድም ከጥንት የኖረ ልማድ ነው። ነገር ግን ስንቅ ሆድን ይሞላል እንጂ አባትነትን አይመልስም።

በአውሮፓ አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. በአገራችን የጦር ትምህርት የተማሩት ኔልሶን ማንዴላ በዚያው ዓመት ተይዘው 27 ዓመት ታስረዋል። በ1969 የበኵር ልጃቸው በመኪና አደጋ ሲሞት ለቀብሩ እንዲወጡ አልተፈቀደላቸውም። ይህን ያህል ታላቅ ሰው እንኳ ልጁን መቅበር ካልቻለ፥ ስም የሌለው እስረኛ ልቡ ምን ያህል ይሰበር!

በቤት ያለው ልጅስ? ብዙ እናቶች ኀፍረትን ፈርተው «አባትህ ለሥራ ሩቅ አገር ሄዷል» ይሉታል። ልጁ ግን እውነቱን ከጎረቤት ልጅ አፍ በስድብ ይሰማዋል፤ ያን ጊዜ አባቱንም እናቱንም ማመን ያቆማል። ስለዚህ በፈቃዱ የሚያገለግል ሰው የመጀመሪያ ሥራው እናቲቱን በለዘበ ቃል መክሮ፥ ለልጁ እንደ ዕድሜው እውነቱ እንዲነገረው ማድረግ ነው። ሁለተኛው፥ መጻፍ ለማይችለው አባት ደብዳቤ መጻፍና ፊደል ማስቈጠር፤ ሦስተኛው፥ ልጁን ይዞ ወደ መጠየቂያው ማድረስ ነው። አባት የልጁን ደብተር አይቶ «በርታ» ቢለው፥ ያ ቃል ለሁለቱም መድኃኒት ይሆናል።

የሚያገለግለውም ሰው ይጠንቀቅ። በደሉን አይመርምር፤ የሰማውን ምሥጢር አያውጣ፤ ከጠባቂ ተሰውሮ መልእክት ወይም ገንዘብ አያቀብል፤ ስለ መፈታት ተስፋ አይስጥ። ለበዓል ቀን ብቻ መጥቶ የሚቀር ከሆነም ባይጀምረው ይሻላል፤ ልጆቹ አንድ የሚጠፋ ሰው አይተዋልና።

ነፍስ አጥፍቶ ለታሰረው አባት ደግሞ ሌላ ሥጋት አለ፤ ይኸውም ደም መመለስ ነው። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ይህን የሚያበርድ ጉማ የሚባል የካሣና የዕርቅ ሥርዓት አለ። አገልጋዩ ራሱ አስታራቂ ልሁን ሳይል፥ የሁለቱን ወገን ሽማግሎች ቢያገናኝ፥ አባትየው በተፈታ ጊዜ ልጁ በፍርሃት ሳይሆን በደስታ ይቀበለዋል።

በሥልጣን ላይ ላላችሁ አንባቢዎቻችንም አንድ ቃል አለን። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 21 እስረኛ በትዳር ጓደኛው፥ በቅርብ ዘመዶቹና በሃይማኖት አማካሪው እንዲጎበኝ መብት ሰጥቶታል። ማንዴላን ስም ያደረገው የተባበሩት መንግሥታት የ2015 ደንብም እስረኛ ከቤተ ሰቡ ጋር እንዲገናኝ ያዛል። ሕጉ ተጽፏል፤ ልጅ ከትምህርት ሳይቀር አባቱን የሚያይበትን ሰዓት መወሰን፥ ፀሐይና ዝናብ የማይነካው መቀመጫ ማበጀት ግን የሹም ትጋት ነው። እስር ዘመን አለውና ያልፋል፤ አባትና ልጅ እርስ በርስ ባዳ ሆነው ከተገናኙ ግን ፍርዱ ገና አላለቀም።