ሁለተኛው ልጅ

ባለፈው እሁድ የእናቴን አርባ አወጣን። የዚያኑ ዕለት እዚህ ቻናል ላይ አንድ ፎቶ ለጥፌ «እናቴን አስቡልኝ» ብዬ ጻፍኩ። ፎቶው የአበበች ጎበና ነበር። ከዚያ ወዲህ የውስጥ መስመሬ በጥያቄ ተጨናንቋል። «ፎቶው ተሳስቶብሽ ነው?» ያላችሁ አላችሁ፤ «ዘመዳችሁ ናቸው እንዴ?» ያላችሁም አላችሁ። ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስላልቻልኩ እዚሁ ልንገራችሁ።

እናቴ ፎቶ መነሣት አትወድም ነበር። ያለችን አንዲት የመታወቂያ ፎቶ ናት፤ እሷም ደብዝዛለች። አዋሽ ሰባት ባለው ቤታችን ግድግዳ ላይ ግን፣ ከማርያም ሥዕል ዝቅ ብሎ፣ ከጋዜጣ የተቆረጠ የአበበች ጎበና ፎቶ ነበር። ጠርዙ በጭስ ጠቁሯል። ልጅ ሆኜ አያቴ ይመስሉኝ ነበር።

እሳቸውን ለማታውቁ ታናናሾቼ ባጭሩ ላስታውስ። የተወለዱት በጥቅምት 1928 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ፣ ሸበል አቦ በምትባል መንደር ነው። ጣሊያን የገባበት ጊዜ ነበር፤ አባታቸው በጦርነቱ ሲሞቱ እሳቸው ገና የአራስ ቤት ልጅ ነበሩ። ያሳደጓቸው አያቶቻቸው ናቸው። አስር ዓመት ገደማ ሲሆናቸው ሳይወዱ ተዳሩ፤ ጠፍተውም አዲስ አበባ ገቡ። ተማሩ፤ ኋላም ቡናና እህል በሚነግድ ድርጅት ውስጥ የጥራት ተቆጣጣሪ ሆኑ። ብዙ ሰው መጀመሪያውኑ ሀብታም የነበሩ ይመስለዋል። አልነበሩም። ደመወዝተኛና ባለትዳር ሴት ነበሩ።

በ1972 ዓ.ም. ለግሸን ማርያም ወደ ወሎ ሄዱ። አገሩ ተርቦ ነበር። መንገድ ላይ አንዲት የሞተች እናትና ከደረቷ ያልወረደ ሕፃን ልጇን አዩ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ፀበል ነው። ሕፃኑን አነሡ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ ነፍሱ ልትወጣ የደረሰች አንድ አባት ልጁን እንዲያተርፉለት ለመናቸው። እሱንም ልጅ ወሰዱ። ዓመቱ ሳያልቅ ቤታቸው ውስጥ 21 ልጆች ነበሩ። ባልና ዘመድ «አእምሮዋ ተነክቷል» እስከማለት ደረሱ፤ በመጨረሻም ወይ ትዳርሽን ወይ ልጆቹን ምረጪ ተባሉ። ልጆቹን ይዘው ወጡ። ያ ቤተሰብ ነው ዛሬ አበበች ጎበና የሕፃናት ክብካቤና ልማት ማኅበር ብለን የምናውቀው። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. ኮቪድ በ85 ዓመታቸው እስኪወስዳቸው ድረስ ስማቸው «እማዬ» ነበር።

እናቴ ይህን ታሪክ የሰማችው በሬዲዮ ነው። ደጋግማ የምታነሣው ግን 21ዱን ልጆች አልነበረም፤ ሁለተኛውን ልጅ ነበር። «የመጀመሪያውን ማንም ያነሣዋል፤ አንጀት አይችልማ። ከባዱ ሁለተኛው ነው። 'እኔ አንድ ይዣለሁ፣ ሌላ ሰው ይድረስልህ' ማለት ይቻል ነበር እኮ» ትል ነበር። በሕይወቷ የሠራችው ሥራ ሁሉ ከዚች ንግግር ውስጥ አለ ብል አላጋነንኩም።

አዋሽ ሰባት፣ በመኪና ብቻ ላለፋችሁባት፣ መንገድ ዳር ያለች የበርበሬና የሐብሐብ ገበያ ትመስላችኋለች። ከአዲስ አበባ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ናት፤ መንገዱ ለሁለት የሚከፈለው እዚያ ነው። አንዱ ወደ ድሬዳዋና ሐረር፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ አድርጎ ወደ ሰመራና ጅቡቲ። ከመኪናው በፊት ባቡር ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ አዋሽ መንገደኛ አድሮ የሚነሣባት ጣቢያ ነበረች። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፤ እናቴም አዋሽ የመጣችው ለእሱ ተድራ ነው። ባቡር በገባ ቁጥር ጣቢያው በር ላይ ሻይና አምባሻ ትሸጥ ነበር።

ባቡሩ ሲቆም መንገደኛው ተለወጠ። በአስፋልቱ ዳር በእግር የሚሄዱ ልጆች ይታዩ ጀመር። ከወሎ፣ ከአርሲ፣ ከሐረርጌ ተነሥተው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር ወደ የመን፣ ከዚያም ሳውዲ ለመግባት የሚሄዱ። ከአዋሽ እስከ ሰመራ ብቻ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ሙቀቱን ለምታውቁት መንገር አያስፈልግም።

የመጀመሪያው ልጅ ከበራችን ፊት ለፊት ካለችው ኒም ሥር ወድቆ ነበር የተገኘው። ከንፈሩ ተሰነጣጥቆ ደም አዝሏል። እኔ ውሃ በጆግ ይዤ ስሮጥ እናቴ ከእጄ ነጠቀችኝና የቡና ሲኒ አስመጣች። አንድ ሲኒ አጠጣችው፤ ትንሽ ቆየች፤ ደገመችው። ውሃ ጥም የጎዳው ሰው ባንዴ ከጠጣ መልሶ ያስታውከዋል። ውሃውም ባዶ ውሃ አልነበረም። ከጤና ጣቢያ የሚሰጠው ሕይወት አድን በሌለበት፣ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ ውስጥ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፤ ማንኪያው ሳይቆለል፣ ልክ በልኩ። ጨው በዛ ማለት መጉዳት ነው፤ በግምት አታድርጉት። ምግብም ቢሆን መጀመሪያ ቀጠን ያለ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ትሰጠው ነበር እንጂ ጾሙን የከረመ ሆድ ላይ እንጀራ አትጭንም።

በሦስተኛው ቀን ሁለተኛው ልጅ መጣ። አባቴ «ቤቱን የሠራዊት ማረፊያ አደረግሽው» ብሎ ተቆጣ፤ ለአንድ ሳምንት ያህል አኩርፎ ከሰነበተ በኋላ ግን ከገበያ ትልቅ ጋን በጋሪ አስጭኖ መጣና ከኒሟ ሥር በገዛ እጁ ተከለው። ምንም አልተናገረም። እናቴም ምንም አላለችውም፤ ብቻ የዚያን ዕለት ቡናውን በእጣን አፈላች።

ብቻዋን እንደሠራችው ከጻፍኩ ግን እሷው ትቀየመኛለች። አፋር ጎረቤታችን የፍየል ወተት ሳታመጣ የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም። እናቴን «ኢና» ብላ ነበር የምትጠራት፤ በአፋርኛ እናት ማለት ነው። በዕድሜ እምብዛም አይበላለጡም ነበር። ደግሞ ዳጉ ነበር። አፋር ከአፋር ሲገናኝ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ይነግራል፤ ያም ለሚቀጥለው ያቀብላል። ስልክ በማይሠራበት በረሃ ወሬ በሰው እግር ይደርሳል።

አንድ ጊዜ ወንድሙን ከገዋኔ ወዲያ ያጣ ልጅ ተመልሶ ወደ እኛ መጣ። ጎረቤታችን ለአንድ ግመል ነጂ ነገረችው። በአራተኛው ቀን መልሱ መጣ፦ ወንድሙ ሞቷል፣ እረኞች ቀብረውታል፣ ድንጋይ ከምረውበታል፣ ቦታውም ይህ ነው። አንድ እግር ጫማውንም ልከውልን ነበር። እናቴ ለማታውቀው ልጅ ሦስት ቀን ለቅሶ ተቀመጠች። የእድሯ ሴቶች ንፍሮ ቀቅለው፣ ምንጣፍ ይዘው መጡ። ወሎ ላለችው እናቱ ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ የምትለኝን ስጽፍ «ብቻውን አልተቀበረም የሚለውን አስቀድሚው» አለችኝ።

አሁን ኑሮዬ ሰመራ ነው። እዚህም ሁለተኛውን ልጅ ያነሡ ሴቶች አሉ። አውስትራሊያዊቷ ነርስ ቫለሪ ብራውኒንግ፣ አፋሮች «ማሊካ» የሚሏት፣ መጀመሪያ ወደ ኢትዮጵያ የመጣችው እ.ኤ.አ. በ1973 በወሎው ረሃብ ጊዜ ነው። አፋር አግብታ፣ ከባለቤቷ ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 የአፋር አርብቶ አደር ልማት ማኅበርን መሠረተች። ቢሮው እዚሁ ሎግያ ነው። የማኅበሩ ሥራ እናቶች ወደ ጤና ጣቢያ እስኪመጡ መጠበቅ አይደለም፤ ከአርብቶ አደሩ ጋር የሚጓዙ የጤና ሠራተኞችን ከራሱ ከሕዝቡ መካከል ማሠልጠን ነው። ለእናቴ ይህን ስነግራት «ጋኑን ተሸክመው ይሄዳሉ በያ» አለች።

በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የፈንታሌ አካባቢ በመሬት መንቀጥቀጥ ሲናወጥ፣ በአስር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ቀዬውን ለቆ ሲወጣ፣ ቤታችንም ግድግዳው ተሰነጠቀና እናቴ ደጅ ማደር ጀመረች። ሰመራ ነይ ብዬ ለመንኳት። እሷ የምትጠይቀኝ ግን ሌላ ነበር፦ «ከዚያ የወጡት ውሃ አላቸው ወይ?» ጉልበቷ ከድቷት ነበር፤ ሲኒውን ግን ለማንም አላስረከበችም። የዚያን ጊዜ ፎቶው ከግድግዳው ወደቀ፤ ጠቅልላ በመቀነቷ ያዘችው። አርባዋ ዕለት የለጠፍኩላችሁ ያንን ነው። 

ጎረቤታችን እሷም አርጅታለች። አዋሽ ሰባት ያላችሁ፣ ወይም በጭነት መኪና የምትመላለሱ ወንድሞቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ከድሮው ጣቢያ በታች ያለው ቤታችን በር ላይ፣ ከኒሟ ሥር፣ ጋኑ አሁንም አለ። ጠዋት ጠዋት የሚሞላው ሰው ያስፈልገዋል። ሲኒዋ ከክዳኑ ላይ ተደፍታለች።