ስለ እጮኝነት ቀለበት ዋጋ አወሳሰን በወልቂጤና በቡታጅራ ከተሞች

በወልቂጤም ሆነ በቡታጅራ አንድ ጎልማሳ ትዳር ለመያዝ ባሰበ ጊዜ፣ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት ወይም ሽማግሌዎቹ እሺታውን ይዘው ከተመለሱ በኋላ፣ ለእጮኛው ስለሚያስርላት ቀለበት ዋጋ መወሰን ይኖርበታል፡፡ ነገሩ ላይ ላዩን ሲታይ የአንድ ሰው የኪስ ጉዳይ ይመስላል፡፡ ይሁን እንጂ አጥብቆ ለመረመረው፣ ውሳኔው የልጁ ብቻ አለመሆኑን፣ የክርክሩም ፍሬ ነገር ከገንዘቡ ብዛት ይልቅ ለጋብቻ ከሚወጣው ሀብት ውስጥ የሙሽራዪቱ የራሷ ሆኖ የሚቀረው ስንት ነው የሚለው መሆኑን ይረዳል፡፡ በዚህ ጽሑፍ ይህን ለማስረዳት እንሞክራለን፡፡

አስቀድሞ ስለ ቦታዎቹ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል፡፡ ወልቂጤ ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች የጉራጌ ዞን ዋና ከተማ ናት፡፡ ቡታጅራ ደግሞ ወደ ሆሳዕና በሚወስደው መንገድ ላይ ስትገኝ፣ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. ከተመሠረተ ወዲህ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን መቀመጫ ሆናለች፡፡ ሁለቱም የገበያ ከተሞች ናቸው፤ የሁለቱም ልጆች ከትውልድ ወደ ትውልድ አዲስ አበባ እየሄዱ ይነግዳሉ፡፡ ስለዚህ ቀለበቱ የሚታሰረው በወልቂጤ ቢሆንም ዋጋው የሚለካው በፒያሳና በመርካቶ ነው፡፡ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ደግሞ በነጋዴው አጠገብ በወር ደመወዝ የሚኖር ሌላ ዓይነት አጭ ተጨመረ፡፡ ይህ ልዩነት ወደ ኋላ ጠቃሚ ሆኖ ይገኛል፡፡

ቀለበት ራሱ ለሀገራችን እንግዳ አይደለም፡፡ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን በሥርዓተ ተክሊል ቀለበት ተባርኮ ለሙሽሮቹ ይደረግላቸዋል፡፡ አዲስ የሆነው ከሠርጉ አስቀድሞ፣ ዘመድና ጓደኛ ተጠርቶ፣ ለልጅቱ ብቻ የሚታሰረው የእጮኝነት ቀለበት ነው፡፡ ይህ ልማድ ሲመጣ ባዶ ቤት አልገባም፡፡ ከእርሱ በፊት ሽምግልናው፣ ማጫው፣ ጥሎሹ፣ ድግሱ በየተራቸው ቦታ ይዘው ቆይተዋል፤ ቀለበቱ በመጨረሻ መጥቶ ከእነርሱ መካከል የተቀመጠ ነው፡፡ ስለዚህም ስለ ቀለበቱ ዋጋ የሚነሣ ክርክር ሁሉ ስለ ቀደሙት ወጪዎችም መከራከር ይሆናል፡፡

እነዚያን ወጪዎች አንድ በአንድ ብንመለከታቸው፣ ድግሱ በእንግዳ ይበላል፤ ማጫው በሽማግሌዎች ስምምነት ለወላጆች ወይም ለአዲሱ ጎጆ ይውላል፤ ጥሎሹም ከፊሉ ለእናትና ለአባት ልብስ ይሆናል፡፡ በሙሽራዪቱ ሰውነት ላይ የሚቀረው ጌጡ ብቻ ነው፡፡ የቀለበቱ ክብደት ከዚህ ይመነጫል፡፡

ይህንን ለመረዳት የጉራጌን የንብረት ሥርዓት ማስታወስ ይበጃል፡፡ ዊልያም ሻክ እ.ኤ.አ. በ1966 ባሳተሙት መጽሐፍ ጉራጌን የእንሰት ባህል ሕዝብ ብለው ሰይመውታል፡፡ የእንሰቱ መሬት እንደ ልማዱ ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ይተላለፋል፤ ሴት ልጅ ከአባቷ ጓሮ ወጥታ ወደ ባሏ ጓሮ ትሄዳለች፤ በልማድ መሠረት አንዱም የእርሷ አይደለም፡፡ እንሰቱን የምትፍቀውና ቆጮውን የምታሰናዳው ግን እርሷ ናት፡፡ በሴቶች እጅ ሆኖ የኖረው ዋነኛ ሀብት ቅቤ ነው፡፡ ሴቶቹ ውጆ በሚባለው ማኅበራቸው በየተራ እያዋጡ፣ ለመስቀል በዓል የሚሆነውን ቅቤ ያጠራቅማሉ፡፡ ውጆ ለሴቶቹ ምን እንደ ሆነ ያልተረዳ ሰው ቀለበቱን ከጌጥነት አሳልፎ ሊያየው አይችልም ብዬ አምናለሁ፡፡ ሁለቱም ባል ሊያዝባቸው የማይገቡ፣ በክፉ ቀን የሚወጡ የሴት ቁጠባ ናቸውና፡፡ የሚለያዩት ቅቤ በመስቀል ተበልቶ ሲያልቅ ወርቅ ባለማለቁ ነው፡፡

በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የነበረችው የቃቄ ውርድወት በሰባት ቤት ጉራጌ የጆካ ሸንጎ ፊት ቀርባ የተከራከረችው ስለ ጌጥ አልነበረም፤ ስለ ብዙ ሚስት ማግባትና ሴት ከማትፈልገው ትዳር ስለ መውጣቷ ነበር፡፡ ቢሆንም ከትዳር የመውጣት መብት ይዞ የሚወጣው ነገር ከሌለ ግማሽ መብት ነው፡፡ ስሟን እዚህ ላይ ያነሣሁት ስለዚህ ነው፡፡

አሁን ወደ ማዕድኑ እንመለስ፡፡ በአያቶቻችን ዘመን የጌጥ መለኪያ ብር ነበር፡፡ እ.ኤ.አ. የ1780 ዓመት የተቀረጸበት የማርያ ቴሬዛ ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም 23 ግራም ከግማሽ ያህሉ ንጹሕ ብር ነው፡፡ አንጥረኛው ጠገራውን አቅልጦ ጌጥ ይሠራው ነበርና፣ ጌጡ ስንት ጠገራ እንደ ገባበት ማንም ሰው ያውቃል፤ የአንጥረኛው ድካም ብቻ ተጨምሮ ዋጋው ይታወቃል፡፡ ገንዘብና ጌጥ አንድ ነገር ነበሩ ማለት ነው፡፡ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ከወጣ በኋላ ግን ገንዘቡ ወረቀት ሲሆን ጌጡ ማዕድን ሆኖ ቀረ፤ ሁለቱም ተለያዩ፡፡ ዛሬ አንድ አጭ ወርቅ ቤት ገብቶ የሚደነግጠው የዚህ መለያየት ወራሽ በመሆኑ ነው፡፡

ድንጋጤው ትንሽ አይደለም፡፡ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በዚያው ቀን ከ74 ብር አለፈ፤ በጥቂት ሳምንታትም ከ100 ብር በላይ ሆነ፡፡ በዓለም ገበያ ደግሞ በዚያን ጊዜ 2,400 ዶላር ገደማ የነበረው አንድ አውንስ፣ ማለት 31.1 ግራም ወርቅ፣ በጥቅምት ወር 2018 ዓ.ም. ከ4,000 ዶላር አልፏል፡፡ የመጀመሪያውን በ57 ብር ብንመታው ንጹሕ ወርቅ በግራም 4,400 ብር ገደማ ይሆናል፤ ሁለተኛውን በ140 ብር ብንመታው 18,000 ብር ገደማ ይደርሳል፡፡ ይህ በባንክ ምንዛሪ የተሠራ ስሌት ነው፡፡ ወርቅ ቤቶች ቀድሞም ከባንኩ ውጭ ያለውን ምንዛሪ በከፊል ይከተሉ ስለ ነበር ገዢው ያየው ጭማሪ ከዚህ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ያነሰውም ቢሆን የብዙ ሠርግ ቀን አዛውሯል፡፡

ከዚህ ላይ ቀለበት ሲገዛ ዋጋው ከምን ከምን እንደሚውጣጣ መለየት ተገቢ ነው፡፡ ባለ 18 ካራት ወርቅ ከመቶ 75 እጅ፣ ባለ 21 ካራት ደግሞ ከመቶ 87 ተኩል እጅ ንጹሕ ነው፤ የቀረው መዳብና ሌላ ማዕድን ነው፡፡ በዚያ ላይ የእጅ ዋጋ አለ፤ ፈርጥ ካለበትም የፈርጡ ዋጋ ይታከላል፡፡ ቀለበቱ ተመልሶ በሚሸጥበት ቀን ግን ገዢው የሚመዝነው ወርቁን ብቻ ነው፤ የእጅ ዋጋው ይጠፋል፣ የፈርጡም ዋጋ አብዛኛው አብሮት ይሄዳል፡፡ በመሆኑም 60,000 ብር የወጣባቸው ሁለት ቀለበቶች እኩል ስጦታዎች አይደሉም፡፡ አንዱ ወፍራምና ልሙጥ ከሆነ ለልጅቱ ጥሪት ነው፤ ሌላው ቀጭንና ባለ ፈርጥ ከሆነ ገንዘቡ ለአድናቆት የተከፈለ ነው፡፡ ከተማ ያደጉት ወጣቶች ሁለተኛውን ሲወዱ እናቶች ቀለበቱን በእጃቸው መዳፍ ይዘው ግራሙን የሚጠይቁት አላዋቂ ስለሆኑ አይደለም፤ እንዲያውም በዚህ ነገር ላይ ከወጣቶቹ ይልቅ እነርሱ የኢኮኖሚ ሊቃውንት ናቸው፡፡

በውጭ ሀገር የተማረ ወይም የውጭ መጽሔት የሚያነብ ሰው ለዚህ ጥያቄ አንድ የተዘጋጀ መልስ ሰምቶ ይሆናል፤ ይኸውም አጭ የሁለት ወር ደመወዙን ለቀለበት ያውል የሚለው ነው፡፡ ይህ ደንብ ከባህል የተወለደ አይደለም፡፡ ደ ቢርስ የተባለው የአልማዝ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1938 ከአንድ የአሜሪካ የማስታወቂያ ድርጅት ጋር ተዋውሎ የጀመረው፣ በ1947 አልማዝን ከዘላለም ፍቅር ጋር በማያያዝ ያጠናከረው፣ በ1980ዎቹም የሁለት ወር ደመወዝን እንደ ልክ አድርጎ ያስፋፋው የንግድ ሥራ ነው፡፡ ውድ ቀለበት ትዳርን ያጸናል የሚለውም አሳብ ቢሆን አልተረጋገጠም፡፡ ፍራንሲስና ሚያሎን የተባሉ ሁለት የኢኮኖሚ መምህራን ትዳር የያዙ ወይም ይዘው የነበሩ ከ3,000 በላይ አሜሪካውያንን ጠይቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ዶላር ያወጡ ወንዶች ከ500 እስከ 2,000 ዶላር ካወጡት ይልቅ ለመፋታት የቀረቡ ሆነው ተገኝተዋል፡፡ የሁለት ነገሮች አብሮ መገኘት አንዱን የሌላው ምክንያት እንደማያደርገው ግን ደራስያኑም ያውቃሉ፡፡

ይህንኑ የሁለት ወር ደንብ ወደ ወልቂጤ አምጥተን በመንግሥት ደመወዝ ብንሞክረው የሚያስቅ ውጤት እናገኛለን፡፡ ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ የዲግሪ ተመራቂ መነሻ ደመወዝ 11,500 ብር ነው፡፡ ከላይ በተሠራው ስሌት የ18 ካራት ወርቅ አንድ ግራም፣ የእጅ ዋጋ ሳይጨመር፣ 13,500 ብር ገደማ ይሆናል፡፡ የሁለት ወር ደመወዝ 23,000 ብር ስለሆነ አንድ ግራም ከሰባት አሥረኛ ብቻ ይገዛል፤ ይህም ለወራት ጣት ላይ ቆይቶ የማይጎብጥ ቀለበት ለመሥራት ይከብዳል፡፡ አራት ግራም የሚመዝን መካከለኛ ቀለበት ቢፈልግ ወደ 54,000 ብር፣ ማለት ምግብና ኪራይ ሳይነካ አምስት ወር ያህል መሥራት አለበት፡፡ እንግዲህ ደመወዝተኛው መምህር ብቻውን ሊገዛው የማይችለውን ነገር እንዲገዛ ተጠይቋል፡፡

የነጋዴው ነገር ደግሞ ሌላ ነው፡፡ እርሱ የወር ደመወዝ የለውም፤ ያለው ሱቅ ውስጥ የተደረደረ ዕቃ ነው፤ ከዚያ ላይ የሚነሣው እያንዳንዱ ብር በመስቀል ገበያ ሊያመጣ የሚችለውን ትርፍ ይዞ ይሄዳል፡፡ ስለዚህ የሚጠይቀው ስንት አለኝ ብሎ ሳይሆን ስንት ከሱቄ ቢወጣ ሱቄ አይናጋም ብሎ ነው፡፡ መልሱን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው በዕቁብ ነው፡፡ ለማግባት የተሰናዳ ዕቁብተኛ ለዳኛው አመልክቶ ቅድሚያ ይጠይቃል፣ ወይም ዕጣ ከወጣለት ጓደኛው ጋር ተራ ይለዋወጣል፤ ገንዘቡን ሲወስድም ዋስ ይጠራል፡፡ እዚህ ላይ ለሥነ ሰብእ ተማሪ የሚሆን አንድ ነገር አለ፡፡ ዕቁቡን አስቀድሞ የበላ ሰው ከሠርጉ በኋላ ለብዙ ሳምንታት መክፈሉን ይቀጥላል፤ ስለዚህ ቀለበቱ በሙሽራዪቱ ጣት ላይ ሳለ ዕዳው በጎጆዋ ውስጥ ይኖራል፡፡ የቀለበቱን ዋጋ ከፋይ በከፊል እርሷ ራሷ ናት ማለት ነው፡፡ ይህን የተረዱ እጮኞች በቅርብ ጊዜ ሁለቱም ተማክረው ልኩን ሲቆርጡ ይታያሉ፤ ወላጆች ግን ስጦታ በተቀባዩ ምክር መወሰኑን ነውር አድርገው የሚቆጥሩ አሉ፡፡

ሃይማኖትም ልኩን ይለውጠዋል፡፡ በሁለቱ ከተሞች ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ጎረቤት ሆኖ ይኖራል፡፡ በእስልምና ሥርዓት መህር የሚባለው ስጦታ ከኒካህ ጋር የተያያዘ የሙሽራዪቱ የራሷ ገንዘብ ነው፤ አባትም ባልም አይወስደውም፡፡ መህሩ በወርቅ በተወሰነ ጊዜ የእጮኝነት ቀለበቱ ከባድ መሆን አያስፈልገውም፣ ምክንያቱም ቀለበቱ በክርስቲያኑ ቤት የሚሠራውን ሥራ መህሩ ሠርቶታልና፡፡ ለወንድ ወርቅ ማድረግ የተከለከለ ስለሆነም የሙሽራው ቀለበት የብር ይሆናል፤ ወጪው በዚያም በኩል ይቀንሳል፡፡ በቡታጅራ ጎን ለጎን የሚኖሩ ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ሌላውን በቀለበት ንፉግ ነው ብሎ ሲያማ የሚፈጠረው ስሕተት ብዙ ጊዜ ይህን ካለማስተዋል ነው፡፡

ስለ ሕጉ በአጭሩ እንናገር፡፡ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ መተጫጨትን በሁለት ቤተሰቦች መካከል እንደሚደረግ ውል ይቆጥረው ነበር፤ ቃሉ በፈረሰ ጊዜ ወጪውን ማን እንደሚችልና ስጦታው ምን እንደሚሆን የሚወስኑ አንቀጾችም ነበሩት፡፡ የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ መተጫጨትን ከነአንቀጾቹ ተወው፤ በሌላ በኩል ተጋቢዎች በጋብቻቸው ቀን የነበራቸው ንብረት የየግላቸው ሆኖ እንደሚቀር ደነገገ፡፡ ክልሎች የራሳቸውን የቤተሰብ ሕግ የማውጣት ሥልጣን ያላቸው ቢሆንም፣ ከአዋጁ አሳብ እንደምንረዳው ከሠርግ በፊት ጣቷ ላይ የገባ ቀለበት ከሠርግ በኋላ የእርሷ የግል ንብረት ነው፡፡ ድግሱና ድንኳኑ እንዲህ ያለ ጠበቃ የላቸውም፡፡

ስለዚህ ሽማግሌዎች ወጪ ለመቀነስ በሚቀመጡበት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ እንደሚደረገው፣ መጀመሪያ ከቀለበቱ መቁረጥ የሚያስገርም ውሳኔ ሆኖ አገኘዋለሁ፡፡ የወንዱ ወገን ሁለት ግራም ሲያስቀንስ አንድ በሬ ግን አይነካም፤ በሬው የሚታየው በሰፈሩ ሁሉ ዓይን ነውና፡፡ ሁለት ግራም ወርቅ ከላይ በተባለው ስሌት 27,000 ብር ገደማ ነው፡፡ በሬው በአንድ ቀን ይበላል፤ የተቀነሰውን ሁለት ግራም ግን ሙሽራዪቱ ባሏ ቢታመም፣ ሱቁ ቢዘጋ ወይም ልጅ ትምህርት ቤት ማስገባት ቢያስፈልግ ልትመነዝረው ትችል ነበር፡፡ በሽማግሌዎቹ መካከል ሴት ተቀምጣ አታውቅም፤ እናቶቹ ከጓዳ ሆነው የሚደረሰውን ስምምነት ይጠብቃሉ፡፡ ቀለበቱ ሲመጣ ግራሙን የሚጠይቁትም እነርሱው ናቸው፡፡