የካምቢዮ ሙቀት ሴንሰር ከመቀየሩ በፊት

አውቶማቲክ ካምቢዮ ያለው መኪና የመጨረሻውን ማርሽ አላስገባ ሲል ወይም የሞተር ማስጠንቀቂያ መብራቱ ሲበራ፣ በጋራዥ ውስጥ የመጀመሪያው ሥራ ማሽን ሰክቶ ኮድ ማንበብ ነው። ማሽኑ ፒ0710ን ወይም እስከ ፒ0714 ካሉት ኮዶች አንዱን ካወጣ “የካምቢዮ ዘይት ሙቀት ሴንሰር ሄዷል” ይባልና ባለመኪናው ዕቃ ፍለጋ ይላካል። ኮዱ ግን ሴንሰሩ ተበላሽቷል አይልም። የሚለው፣ ከዚያ መስመር ለኮምፒውተሩ የሚደርሰው ምልክት ትክክል አይመስልም ነው። በመስመሩ ላይ ደግሞ ሽቦው፣ ሶኬቱ፣ ኮምፒውተሩና ዘይቱ ራሱ አሉ። ከእነዚህ ውስጥ ጥፋተኛው የትኛው እንደሆነ ሳይለካ ዕቃ መግዛት ግምት እንጂ ምርመራ አይደለም።

ሴንሰሩ ቀላል ዕቃ ነው። ዘይቱ ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ይጨምራል፣ ሲሞቅ ይቀንሳል። ኮምፒውተሩ በመስመሩ ላይ ያለውን ቮልት አይቶ ወደ ዲግሪ ይቀይረዋል። በብዙ የቶዮታ ካምቢዮዎች ተቃውሞው በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከ2.5 እስከ 4.5 ኪሎ ኦም ሲሆን፣ በ110 ዲግሪ ወደ 250 ኦም ገደማ ይወርዳል። ሽቦው ከተበጠሰ ተቃውሞው ልክ የለውም፤ ኮምፒውተሩም ዘይቱን እጅግ የቀዘቀዘ አድርጎ ስለሚያየው ማሽኑ ላይ ከዜሮ በታች 40 ይወጣል። ሁለቱ ሽቦዎች ከተነካኩ ደግሞ ቁጥሩ 150 ይደርሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ የሆነ ዘይት የለም፤ ስለዚህ ይህ ቁጥር ገና ከመታየቱ ችግሩ የኤሌክትሪክ መሆኑን ይናገራል። ቀጥሎ የሚደረገው ጥቂት ደቂቃ የሚፈጅ ፈተና ነው። ካምቢዮው ላይ ያለው ሶኬት ይነቀልና ወደ ኮምፒውተሩ የሚሄዱት ሁለቱ የሴንሰር ሽቦዎች በአጭር ሽቦ ይገናኛሉ። ቁጥሩ ከዜሮ በታች 40 ተነስቶ ወደ 150 ከዘለለ መስመሩና ኮምፒውተሩ ጤነኛ ናቸው፤ ጥፋቱ ከሶኬቱ ወዲያ፣ ካምቢዮው ውስጥ ነው። ካልተንቀሳቀሰ ጥፋቱ ያለው በሽቦው ወይም በኮምፒውተሩ ነው። ብዙ ጊዜ በዚያው ሶኬት የሶሌኖይድ ሽቦዎችም ስለሚያልፉ የሽቦ ንድፉን ሳያዩ ማገናኘት ኮምፒውተሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ከባዱ ጉዳይ ቁጥሩ እውነት ሲመስል ነው። ለዚህ ከጠዋት የተሻለ ሰዓት የለም። ሌሊቱን የቆመ መኪና ሞተሩ ሳይነሳ ሲነበብ የካምቢዮ ዘይቱ፣ የራዲያተር ውሃውና ወደ ሞተር የሚገባው አየር ሙቀት መቀራረብ አለባቸው። ሁለቱ 16 ዲግሪ ሲያሳዩ ካምቢዮው 60 ካለ አንዱ እየዋሸ ነው። ከተነሳ በኋላም ቁጥሩ ቀስ እያለ መውጣት አለበት፤ ባለበት የሚቆም ወይም በድንገት የሚዘል ቁጥር ያጠራጥራል። ማንበቡ ግን የመኪናውን ጠባይ ማወቅ ይጠይቃል። 722.6 በሚባለው የመርሴዲስ ካምቢዮ ሴንሰሩ ከማስነሻ መከላከያው ማብሪያ ጋር በአንድ መስመር ስለተያያዘ ማርሹ ፒ ወይም ኤን ላይ ሲሆን የዘይቱ ሙቀት አይለካም፤ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ሙቀት ተውሶ ይሠራል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ ደህናውን ሴንሰር ይጥላል።

“ሴንሰሩ ውድ አይደለም፤ ቀይሮ መገላገል አይሻልም?” የሚል ይኖራል። የዕቃው ዋጋ ብቻ ቢሆን ክርክሩ ያስኬድ ነበር። በብዙ መኪኖች ግን ሴንሰሩ ያለው ካምቢዮው ውስጥ ነው። እሱን ለማግኘት ዘይቱ ይፈሳል፣ የታችኛው ክዳን ይፈታል፣ ከዚያም አምራቹ የሚያዘው ዓይነት ዘይት በትክክለኛው መጠን ይሞላል። መለኪያ ዘንግ በሌላቸው ካምቢዮዎች መጠኑ የሚረጋገጠው ዘይቱ የተወሰነ ሙቀት ላይ ሲደርስ ነው፤ በብዙዎቹ የቶዮታ ሥሪቶች 40 ዲግሪ አካባቢ። ሙቀቱን በትክክል ሳያውቁ የሞሉት ዘይት ይበዛል ወይም ያንሳል። ከሁሉ የሚያሰጋው ደግሞ ሴንሰሩ እውነቱን ሲናገር ነው። ዘይቱ በመጉደሉ፣ የዘይት ማቀዝቀዣው በመደፈኑ ወይም የውስጥ ፍሪሲዮኖቹ በመንሸራተታቸው ካምቢዮው በእርግጥ ግሎ ሊሆን ይችላል። ትኩሳት የያዘው ሰው ቴርሞሜትር ስለተቀየረለት አይድንም። የጠቆረና የተቃጠለ ሽታ ያለው ዘይት፣ ወይም በኢንፍራሬድ መለኪያ ሲታይ ከማሽኑ ቁጥር ጋር የሚስማማ የካምቢዮ ሙቀት ካለ መፈተሽ ያለበት ካምቢዮው ነው።

መኪናው እየሄደ ስለሆነ ይቆይ ማለትም አያዋጣም። ኮምፒውተሩ የዘይቱን ግፊት፣ ማርሽ የሚቀየርበትን ጊዜና የቶርክ ኮንቨርተሩን መቆለፍ የሚወስነው በዚህ ቁጥር ነው። ቁጥሩን ሲያጣ የመጨረሻውን ማርሽና የኮንቨርተሩን መቆለፍ ሊከለክል ይችላል፤ ረጅም መንገድ ላይ ነዳጅ የሚበላው ያኔ ነው።

ሁሉም ጋራዥ ይህን ለመለካት መሣሪያ የለውም የሚለው መከራከሪያ ከፊል እውነት አለው። ስልክ ላይ የሚነበቡት ርካሽ ኮድ አንባቢዎች ኮዱን ቢያወጡም የካምቢዮ ዘይት ሙቀትን ብዙ ጊዜ አያሳዩም፤ ይህን ለማየት የመኪናውን ዓይነት የሚያውቅ ማሽን ያስፈልጋል። መልቲሜትር ግን የኤሌክትሪክ ሥራ የሚሠራ ጋራዥ ሁሉ አለው። ባለመኪናው ሴንሰር እንዲገዛ ሲነገረው በቀዝቃዛው ስንት ኦም እንዳነበበ፣ ሽቦው ተነካክቶ ሲሞከርም ቁጥሩ የት እንደደረሰ መጠየቅ ይችላል። የለካ መካኒክ ሁለቱንም ቁጥሮች ወዲያው ይነግረዋል።