መዳፍ ለምታህል ዝገት አንድ ጋሎን ቀለም?

የፍሪጁ በር ከሥሩ ዝጓል፤ የመታጠቢያ ቤቱ የብረት በር እግሩ ተልጧል፤ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ክዳን ጥጉ ላይ ቀለሙ ተነስቶ ቡናማ ነጥብ ወጥቶበታል። የሚያውቅ ሰው ሲጠየቅ መልሱ «ኤፖክሲ ይቀባ» ነው። ቀለም መደብር ሲደረስ ግን ባለሱቁ ከመደርደሪያው የሚያወርደው አንድ ትልቅ ጣሳና አብሮት የሚሄድ አንድ ትንሽ ጣሳ ነው።

«ትንሽ ነበር የምፈልገው፤ ግማሽ ሊትር አይኖርም?»

«የለም እናቴ፤ እሱ ተከፍሎ አይሸጥም።»

ባለሱቁ እንዲህ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ምክንያቱን ያወቀ ሰው ግን ትንሹን መጠን የሚያገኝበት መንገድም ይታየዋል።

መጀመሪያ ስሌቱ

ወደ ሱቅ ከመሄድ በፊት የሚቀባውን ቦታ መለካት ያስፈልጋል። አንድ ሊትር ቀለም እርጥቡ ውፍረት 100 ማይክሮን እንዲሆን ቢቀባ 10 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። የፍሪጁ ዝገት 30 በ30 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ስፋቱ 0.09 ካሬ ሜትር ነው፤ ለአንድ ዙር 9 ሚሊ ሊትር ይበቃዋል። ለሁለት ዙር 18 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ብሩሹ የሚጠጣውና ዕቃው ላይ ተጣብቆ የሚቀረው ሲታሰብ 30 ሚሊ ሊትር፣ ማለትም ግማሽ የቡና ሲኒ ገደማ እንበል። ባለ 4 ሊትር ጣሳ በዚሁ ውፍረት 40 ካሬ ሜትር ይቀባል። እንግዲህ ፍለጋችን ለጋሎን ሳይሆን ለጥቂት ሚሊ ሊትር ነው።

ሁለት ጣሳ ለምን?

ውሃ ቀለም የሚደርቀው ውሃው ሲተን ነው። የዘይት ቀለም ደግሞ ቲነሩ ተንኖ ከአየር ኦክስጅን ሲወስድ ይጠነክራል። ኤፖክሲ ግን በመድረቅ ብቻ አይጠነክርም። በአንዱ ጣሳ ያለው ሬዚን በሌላው ካለው ሃርድነር ጋር በኬሚካል ተሳስሮ አዲስ ጠጣር ነገር ይሆናል። ውሃ፣ ዘይትና ሳሙና በቀላሉ የማይደፍሩትም ለዚህ ነው። ጣጣውም እዚሁ ላይ ነው፤ አንዴ ከተቀላቀለ ወደ ኋላ መመለስ የለም። እንደ ዓይነቱ በደቂቃዎች ወይም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የተቀላቀለበት ዕቃ ውስጥ እንዳለ ይጠጥራል።

የሚገርመው፣ የኤፖክሲ ታሪክ የሚጀምረው ከትንሽ ሥራ ነው። ስዊዘርላንዳዊው ኬሚስት ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ይመራመርበት የነበረው ለሰው ሠራሽ ጥርስ መሥሪያ እንዲሆን ነበር። በኋላ ሲባ የተባለው የስዊዝ ኩባንያ ወስዶት በ1946 «አራልዳይት» በሚል ስም ማጣበቂያ አድርጎ ለገበያ አቀረበው። ቀለም ሆኖ የተስፋፋው ግን በመርከብ፣ በፋብሪካ ወለልና በትልልቅ የብረት ሥራዎች ላይ ስለሆነ፣ ጣሳውም በእነዚያ ደንበኞች ልክ የተሰፋ ሆነ።

በጥቂቱ የሚገኝባቸው መንገዶች

የመጀመሪያው ጥያቄ «በእርግጥ ቀለም ነው የሚያስፈልገኝ?» የሚል ነው። የተሰነጠቀ ላቫንዲኖ ወይም የተቦረቦረ ብረት ከሆነ፣ በሁለት ቱቦ የሚሸጠው የኤፖክሲ ማጣበቂያ ወይም እንደ ሊጥ በእጅ የሚታሸው የኤፖክሲ ማስቲክ ይበቃል። ሁለቱም ሲጀመር በትንሽ መጠን ነው የሚታሸጉት።

ለፍሪጅና ለማጠቢያ ማሽን ደግሞ በስፕሬይ ጣሳ የሚመጣ፣ «ኤፖክሲ» ተብሎ የተጻፈበት የቤት ዕቃ ቀለም አለ። ሃርድነር ስለሌለው እንደ ባለ ሁለት ጣሳው አይጠነክርም። ሆኖም ብዙ ለማይነካና ለማይታሽ ቦታ ያገለግላል።

እውነተኛው ባለ ሁለት ጣሳ ካልሆነ የማይሆን ከሆነ፣ ወደሚጠቀሙበት ሰዎች መሄድ ነው። የፋብሪካና የሆስፒታል ወለል የሚሠሩ ተቋራጮች ከሥራ የተረፈ ጣሳ አያጡም። መኪና የሚቀቡ ጋራዦችም ኤፖክሲ ፕራይመር ሊኖራቸው ይችላል። ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ ጣሳ በጋራ መግዛትም ያዋጣል፤ የዝገት ችግር የአንድ ቤት ብቻ አይደለምና።

ውጭ አገር ላለ ዘመድ «አንድ ጣሳ ይዘህልኝ ና» ማለት ግን አያዋጣም። ቲነር ያለበት፣ እሳት የሚይዝ ቀለም በእጅ ሻንጣም ሆነ በሚጫን ሻንጣ በአውሮፕላን መያዝ ክልክል ነው።

ሲከፋፈል

ከሌላ ሰው ጣሳ ስንካፈል የምንወስደው ያልተቀላቀለውን ጥንድ ነው። ሬዚኑን በአንድ የብርጭቆ ጠርሙስ፣ ሃርድነሩን በሌላ መያዝ ይገባል። በሃይላንድ መቅዳት አደጋ አለው፤ ውሃ መስሎት የሚያነሳው ልጅ አይጠፋም። በየጠርሙሱ ላይ የቀለሙን ስም፣ የቅልቅል ልኩንና ጊዜው የሚያልፍበትን ቀን መጻፍ ነው።

ከመቅዳት በፊት የሬዚኑ ጣሳ እስከ ታች ድረስ መማሰል አለበት። ማቅለሚያው ዱቄት ከሥር ስለሚዘቅጥ፣ ከላይ ብቻ የቀዳ ሰው ቀለሙን ትቶ ቅባቱን ይዞ ይሄዳል።

ልኩ የሚለካው በዓይን አይደለም። ጣሳው ላይ በመጠን 4 ለ 1 የሚል ከሆነ ለ30 ሚሊ ሊትር የሚያስፈልገው 24 ሚሊ ሊትር ሬዚንና 6 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ነው። ከመድኃኒት ቤት የተገዙ ሁለት ሲሪንጆች ለዚህ ይበቃሉ፤ አንዱ ለሬዚን፣ አንዱ ለሃርድነር፣ ሳይቀያየሩ። ልኩ በክብደት የተሰጠ ከሆነ ግን ሲሪንጅ አይሠራም፤ ግራም የሚያነብ ሚዛን ያስፈልጋል። በትንሽ መጠን ላይ ስህተቱ ይጎላል። በ4 ሊትር ውስጥ 2 ሚሊ ሊትር ምንም አይደለችም፤ በ6 ሚሊ ሊትር ሃርድነር ላይ ግን ሲሶው ናት።

«ቶሎ እንዲደርቅ ሃርድነር ጨምርበት» የሚለው ምክር ኤፖክሲን ያበላሻል። የተረፈው ሃርድነር የሚተሳሰርበት ሬዚን አጥቶ እዚያው ይቀርና ቀለሙ ተጣባቂ ወይም ደካማ ይሆናል። የጋራዥ ስቱኮ ሃርድነር ወይም የሌላ ቀለም ሃርድነርም አይተካውም። እያንዳንዱ ሬዚን የሚጠነክረው በተሠራለት ጥንድ ነው።

ሲቀባ

ዝገቱ በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት እስኪነሳ ይፋቃል፣ ዘይቱ ይጸዳል፣ እርጥበቱ ይደርቃል። አሮጌ የዘይት ቀለም ላይ ከሆነ በትንሽ ቦታ መሞከር ይሻላል፤ የኤፖክሲ ቲነር የታችኛውን ሊሸበሽበው ይችላል።

ብርድ ሃርድነሩን ያዘገየዋል፤ ብዙዎቹ ዓይነቶች ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች በደንብ አይጠነክሩም። አዲስ አበባ ውስጥ በጥቅምትና በኅዳር ለሚቀባ ሰው ረፋዱ ከምሽቱ ይሻላል። ድሬዳዋ ላይ ደግሞ ሙቀቱ ያጣድፈዋልና በትንሽ በትንሹ መበጥበጥ ነው። ሲነኩት ደረቀ ማለት ጠነከረ ማለት አይደለም፤ ሙሉ ጥንካሬውን ለማግኘት አንድ ሳምንት ገደማ ይፈልጋል። ፀሐይ ላይ ሲውል ፊቱ እየነጣ ዱቄት ስለሚሆን፣ ለውጭ በር በላዩ ሌላ ቀለም ያስፈልገዋል።

ጓንት አይቀርም፣ መስኮትም ይከፈታል። ቆዳ አንዴ ለኤፖክሲ አለርጂ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ በጥቂቱም ይቆጣል። ቆዳ ላይ የነካው የሚታጠበው በሳሙናና በውሃ እንጂ በቲነር አይደለም። የመጠጥ ውሃ የሚቀመጥበትን ሮቶ ወይም ታንከር ከውስጥ ለመቀባት ግን ለዚያ ተብሎ ያልተመሰከረለትን ኤፖክሲ መጠቀም አይገባም።

ጥንዱ ካልተሟላ፣ ልኩ ካልታወቀ ወይም ቀኑ ካለፈ፣ ያንን ኤፖክሲ መተው ይሻላል። በደንብ በተፋቀ ብረት ላይ የተቀባ አንቲረስትና የዘይት ቀለም፣ ልኩን ከሳተ ኤፖክሲ ይልቅ ብዙ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ ባለሱቁን «ትንሽ አለህ?» ከማለት ይልቅ «ሁለቱም አሉህ? ልኩስ ስንት ለስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይበጃል።