የጤና ቪዲዮዎችን ተዓማኒነት መመዘን፦ የቲቢ ሕክምና እንደ ማሳያ

በጅማ ከተማም ሆነ እንደ አጋሮ ባሉ በዙሪያዋ በሚገኙ የቡና ከተሞች፣ ስልክ ለያዘ ታካሚ የበይነ መረብ ቪዲዮ ቅርብ የጤና መረጃ ምንጭ ነው። ተዓማኒነቱን ለመመዘን ተመራማሪዎች በተለይ በሁለት መለኪያዎች ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. በ1997 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት የወጣው መስፈርት አራት ነጥቦችን ይጠይቃል፦ አዘጋጁ፣ ምንጩ፣ የጥቅም ግንኙነቱና ጊዜው ተገልጸዋልን? ዲሰርን የተሰኘው መለኪያ ደግሞ የሕክምና አማራጮች የቀረቡበትን ጥራት በ16 ጥያቄዎች ይመዝናል። ሆኖም ሁለቱም የይዘቱን ሳይንሳዊ ትክክለኛነት በቀጥታ አይፈትሹም።

የዚህን ክፍተት ክብደት ቲቢ በግልጽ ያሳያል። መድኃኒት ላልተላመደ ቲቢ የሚሰጠው የተለመደ ሕክምና 6 ወር ይፈጃል፤ በመጀመሪያዎቹ 2 ወራት አራት፣ በቀሪዎቹ 4 ወራት ሁለት ዓይነት መድኃኒቶች ይወሰዳሉ። ሳሉ ግን ቀድሞ ሊቆም ይችላል። አንድ አቅራቢ ማንነቱንና ምንጩን ገልጾ፣ ሕመሙ ሲሻል መድኃኒቱን ማቆም እንደሚቻል ቢናገር፣ በአራቱ መስፈርቶች ጥሩ ነጥብ ሊያገኝ ይችላል፤ ምክሩን የተከተለ ታካሚ ግን በሽታው ሊያገረሽበት፣ መድኃኒቱንም ሊላመድ ይችላል።

ስለሆነም በአካባቢው የሚካሄድ ጥናት በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ የቀረቡ ቪዲዮዎችን ከብሔራዊው የሕክምና መመሪያ ጋር ነጥብ በነጥብ ማነጻጸር ይኖርበታል። በስሕተት የተነገረው ብቻ ሳይሆን፣ እንደ ሕክምናው ርዝማኔ ያለ ሳይነገር የቀረ ነጥብም ሊመዘገብ ይገባል።