ቪዲዮውን ማን ይፍታው? ቺፑ ወይስ ፕሮግራሙ?

የደርስ ቪዲዮዎች በፍላሽና በቴሌግራም ከዶርም ዶርም ሲዘዋወሩ አንድ ቅሬታ አብሯቸው ይዞራል። አንዱ ላፕቶፕ ላይ ጥርት ብሎ የሚሄደው ፋይል ሌላው ላይ ይቆራረጣል፣ ምስሉ ከድምፁ ኋላ ይቀራል፣ የላፕቶፑ ፋን እንደ ወፍጮ ይጮኻል። ብዙውን ጊዜ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ተብሎ ይታለፋል። ፋይሉ ግን ደህና ሊሆን ይችላል። መጠየቅ ያለበት፣ ያንን ቪዲዮ በዚያ ላፕቶፕ ላይ የሚፈታው ማን እንደሆነ ነው።

መፍታት ያልነው ቪዲዮ ሁሉ ተጨምቆ ስለሚቀመጥ ነው። አንድ የሙሉ ኤችዲ ፍሬም 1920 በ1080፣ ማለትም ከ2 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው። በሰከንድ 25 ፍሬም ሳይጨመቅ ቢቀመጥ በሰከንድ 78 ሜጋባይት ገደማ፣ የአንድ ሰዓት ደርስ ደግሞ 280 ጊጋባይት ገደማ ይሆናል። በሰከንድ 2 ሜጋቢት ተደርጎ ሲጨመቅ ግን ያው አንድ ሰዓት 900 ሜጋባይት ብቻ ይይዛል። ይህ የሚሆነው ከኡስታዙ ጀርባ ያለው ግድግዳ ስለማይንቀሳቀስ ነው። ካሜራው ግድግዳውን በየፍሬሙ እንደ አዲስ አይጽፈውም፤ በአብዛኛው የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። ያንን አጭር ማስታወሻ መልሶ ወደ ሙሉ ምስል የሚለውጠው ዲኮደር ይባላል።

ዲኮደር ሲባል ለአብዛኞቻችን ቶሎ የሚመጣልን ቤት ያለው የዲሽ ሪሲቨር ነው። ልክም ነው፤ እሱ ሃርድዌር ዲኮደር ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ ለዚህ ሥራ ብቻ የተሠራ ስለሆነ በትንሽ ኤሌክትሪክ፣ ሳይግል፣ ረመዳንን ሙሉ ከመካ የሚተላለፈውን ተራዊሕ ያሳየናል። ኤምፔግ 2 ብቻ የሚያውቀው የድሮው ሪሲቨር ግን በኤች 264 የሚተላለፉትን ኤችዲ ቻናሎች መክፈት አይችልም። ያልተማረውን ማስተማር አይቻልም፤ ያለው አማራጭ ሌላ መግዛት ነው።

ላፕቶፕና ስልክ ውስጥም እንዲህ ዓይነት ክፍል አለ። ቺፑ የፋይሉን ዓይነት ካወቀ ሥራውን እሱ ይይዘዋል፣ ዋናው ፕሮሰሰር ያርፋል፣ ባትሪው በደንብ ይቆያል። መብራት በሚጠፋበት ምሽት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ቺፑ ካላወቀ ደግሞ ሥራው በፕሮግራም፣ ማለትም በሶፍትዌር ዲኮደር፣ ወደ ዋናው ፕሮሰሰር ይመለሳል። ፕሮሰሰሩ ጉልበት ካለው ልዩነቱን የምናውቀው በሙቀቱና በባትሪው ብቻ ነው፤ ከሌለው ቪዲዮው ይቆራረጣል።

ታዲያ የኛ ላፕቶፕ ምን ያውቃል? በኢንቴል እንጀምር፤ በግቢያችን በብዛት ያለው እሱ ነውና። «ኮር አይ 5» ከሚለው ቀጥሎ ባለው ቁጥር መጀመሪያ ላይ ያለው ዲጂት ጀነሬሽኑን ይነግራል፤ 4300 ከሆነ 4ኛ፣ 8250 ከሆነ 8ኛ ነው። ከ10ኛ ጀምሮ ሁለቱን ዲጂቶች ማንበብ ነው። በ2011 ከወጣው 2ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉት ኤች 264ን በሃርድዌር ይፈታሉ። ኤች 265ን ግን በሙሉ በሃርድዌር የሚፈቱት በ2015 ከወጣው ከ6ኛው ወዲህ ያሉት ናቸው። ባለ 10 ቢቱ ኤች 265ና ቪፒ 9 ከ7ኛው ጋር፣ ኤቪ 1 ደግሞ በ2020 ከ11ኛው ጋር መጡ።

ችግሩ ብዙ ጊዜ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው። አይፎን ከ2017 ወዲህ «ሃይ ኢፊሸንሲ» በሚለው ምርጫ በኤች 265 ይቀርጻል፤ ከዚያ ላይ 4ኬ ከተመረጠ የ4ኛ ጀነሬሽን ላፕቶፕ በሶፍትዌር አይወጣውም። ኤች 265 የተሠራው በግማሽ መጠን ተመሳሳይ ጥራት እንዲሰጥ ስለሆነ፣ ዳታ ውድ በሆነበት ቦታ የሚያጓጓ ነው። ይሁን እንጂ በወንዶች በኩል የተቀረጸ ደርስ በእህቶች በኩል በአሮጌ ላፕቶፕና በፕሮጀክተር ሲከፈት ግማሹ የሚያመልጥ ከሆነ፣ ያተረፍነው ሜጋባይት ለማን ነው?

በዚህ የተነሳ ሶፍትዌር ዲኮደር ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ባለ 10 ቢት ኤች 264 አብዛኞቹ ቺፖች አይፈቱትም፤ እሱን የሚያድነው ሶፍትዌር ነው። ከፊሉ የተበላሸ ፋይል ሲያጋጥምም ብዙ ጊዜ የሚሻለው ሶፍትዌሩ ነው። የግራፊክስ ድራይቨሩ ችግር ኖሮበት ስክሪኑ አረንጓዴ ሲሆንም መውጫው ይኸው ነው። «በሃርድዌር ሲሆን ምስሉ ይጠራል» የሚለው ወሬ ግን መሠረት የለውም። በኤች 264ና በኤች 265 የተፈታው ምስል ምን መሆን እንዳለበት ስታንዳርዱ እስከ መጨረሻዋ ቢት ስለሚወስን፣ በትክክል የሚሠሩ ሁለት ዲኮደሮች አንድ ዓይነት ምስል ነው የሚያወጡት። ልዩነት ከታየ ከዚያ በኋላ በሚደረገው የመጠንና የቀለም ማስተካከል ላይ ነው።

ቪኤልሲ በ2018 ከወጣው 3.0 ጀምሮ ሃርድዌሩን ራሱ ይሞክራል። ለመቀየር «ቱልስ»፣ «ፕሪፈረንስስ»፣ ከዚያ «ኢንፑት/ኮዴክስ» ገብታችሁ ሃርድዌር ዲኮዲንግ በሚለው ላይ «ኦቶማቲክ» ወይም «ዲስኤብል» ትላላችሁ። የትኛው እየሠራ እንደሆነ ለማየት ቪዲዮው እየሄደ በዊንዶውስ 10 «ታስክ ማናጀር»ን ከፍታችሁ «ፐርፎርማንስ» ሥር ጂፒዩን ተመልከቱ። «ቪዲዮ ዲኮድ» የሚለው መስመር ከፍ ካለ ሥራውን የያዘው ቺፑ ነው። መስመሩ መሬት ላይ ተኝቶ ሲፒዩው 90 ከመቶ ከደረሰ ደግሞ ሸክሙ የማን እንደሆነ ግልጽ ነው።

ለራሳችሁ ብቻ የምታዩት ከሆነ በ«ኦቶማቲክ» ተዉት፤ ችግር ሲያጋጥም ብቻ አጥፉት። ለጀመዓው የሚሰራጭ ቀረጻ ግን ከመካከላችን እጅግ ያረጀው ላፕቶፕ በሃርድዌር ሊፈታው በሚችል መልክ መውጣት አለበት እንላለን። ይህም ባለ 8 ቢት ኤች 264፣ በ720ፒ ማለት ነው። ኡስታዙን ለማየትና ሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ ይበቃል። መጠኑ ከኤች 265 ከፍ ማለቱ አይቀርም፤ ለዚያ በፍላሽ መቀባበሉ ይሻላል።

መቀየሪያው «ሃንድብሬክ» የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው። «ፋስት 720ፒ30» የሚለውን መምረጥ ይበቃል። ሥራው ጊዜ ስለሚወስድ ጠንከር ያለ ላፕቶፕ ያለው አንድ ወንድም ወይም አንዲት እህት አንዴ ቢሠሩት ሌላው ሁሉ ይገላገላል። ዋናውን ቀረጻ ግን አታጥፉት። ዳግመኛ በተጨመቀ ቁጥር ጥራቱ ስለሚቀንስ፣ ወደፊት ሌላ ቅጂ ቢያስፈልግ መነሻው እሱ መሆን አለበት።