ላብ ካልደረቀ አያበርድም

በጋምቤላ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ በተለይ በመጋቢት፣ የቀትሩ ሙቀት ወደ 40 ዲግሪ ይጠጋል፤ የሚያልፍበት ቀንም አለ። ከጋምቤላ ከተማ በስተምዕራብ፣ በኢታንግ ልዩ ወረዳ ያለው ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ የደቡብ ሱዳንን ጦርነት የሸሹ ሰዎችን ለመቀበል በ2006 ዓ.ም. ሲከፈት፣ የተተከለው በዚሁ ቆላ ነው። ከድንበሩ ማዶ የደቡብ ሱዳን መንግሥት በመጋቢት 2016 እና በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከሙቀቱ የተነሳ ትምህርት ቤቶችን ዘግቷል። በሁለተኛው ጊዜ ጁባ ውስጥ ተማሪዎች ራሳቸውን እየሳቱ ይወድቁ ነበር።

ሰውነት ውስጡን 37 ዲግሪ አካባቢ ማቆየት ግድ ይለዋል። አየሩ ከቆዳችን ቀዝቀዝ ያለ ሲሆን ትርፉ ሙቀት ወደ አየሩ ይወጣል። አየሩ 40 ሲገባ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሙቀቱ ከውጭ ወደ እኛ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚቀረን መውጫ አንድ ነው፤ እሱም ላብ።

የላብን ሥራ ለማየት ጥላ ውስጥ የተቀመጠ እንስራ መዳሰስ ይበቃል። ሆዱ እርጥብ ነው፤ ውሃው በሸክላው ቀዳዳ ቀስ እያለ ይወጣና እላዩ ላይ ይደርቃል፤ ሲደርቅም የውስጡን ሙቀት ይዞ ይሄዳል። አጠገቡ ያለው ጄሪካን ፕላስቲክ ስለሆነ አያልበውም፤ ስለዚህም ውሃው ሞቅ እንዳለ ይውላል። ቆዳችንም የሚሠራው እንደ እንስራው ነው። አንድ ሊትር ላብ ቆዳ ላይ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ የሚወስደው ሙቀት፣ 20 ዲግሪ የነበረ ሰባት ሊትር ያህል ውሃ ለማፍላት ይበቃል። መሬት ላይ ተንጠባጥቦ የቀረ ላብ ግን ምንም አላበረደም፤ ውሃና ጨው አባከነ እንጂ።

የዝናቡ መግቢያ ላይ የሚመጣው ወበቅ የሚያደክመው ለዚህ ነው። ቴርሞሜትሩ ዝቅ ብሎ እንኳ፣ አየሩ እርጥበት ስለጠገበ ላቡ አይደርቅም። ማራገቢያም ቢሆን በ40 ዲግሪ ሙቀት በደረቅ ገላ ላይ ሲነፍስ ትኩስ አየር ይጨምራል፤ መጀመሪያ ክንድን፣ አንገትንና ፊትን በውሃ ማርጠብ ያስፈልጋል። ልብስም ሰፋ ያለና ስስ ጥጥ ቢሆን ይመረጣል። ሕፃንን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ማዘል በዚህ ወቅት አደጋ ነው።

ጣሪያውም ትልቅ ነገር ነው። የሳር ክዳን በሳሩ መሃል አየር ስለሚይዝ የፀሐዩን ግለት ያዘገያል። ቆርቆሮ ግን እጅ እስኪያቃጥል ይግልና ሙቀቱን ቁልቁል በተቀመጠው ሰው ላይ ይለቃል፤ በሩ ተከፍቶም ክፍሉ አይቀዘቅዝም። ላዩን ነጭ መቀባት፣ ከሥሩ ሰሌን መወጠር፣ ግድግዳው ከጣሪያው ጋር በሚገናኝበት የአየር መውጫ መተው ይረዳል። ከሁሉም የሚሻለው የኒም ወይም የማንጎ ዛፍ ነው። የዛፍ ቅጠል ፀሐይ ከመከለሉም በላይ ራሱ ውሃ ስለሚያተን ከሥሩ ያለውን አየር ያቀዘቅዛል።

እኔ ግን ከጣሪያም ከዛፍም በፊት የማነሳው ሰዓትን ነው፤ ሰዓት መቀየር ገንዘብ አይጠይቅም። ድሬዳዋ ቀትር ላይ ሱቅ ዘግታ የምታርፈው ሙቀቱን ስለምታውቀው ነው። የውሃ ቦኖ ወረፋ፣ የራሽን ሰልፍ፣ የነፍሰ ጡሮች ክትትል፣ ስብሰባ፣ ሁሉም ጠዋት ከ4 ሰዓት በፊት ሊያልቅ ይገባል። እናት ልጅ አዝላ በ7 ሰዓት ፀሐይ እንድትሰለፍ ማድረግ ሊቀር የሚችል ጉዳት ነው። የወጣቶቹ የኳስ ግጥሚያ ከ11 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ሜዳው ዳር ውሃ ይቀመጥ፤ በየመሃሉም ይታረፍ። ለመታጠብ ወደ ባሮ ወንዝ የሚወርዱ ልጆችን ደግሞ አዋቂ ይከተላቸው፤ ወንዙ አዞ አለበት።

ውሃ ጥም ሳይጠበቅ በየጊዜው ይጠጣል። ሽንት ከጠቆረ ውሃ አንሷል ማለት ነው። ረጅም ሰዓት ላብ ያፈሰሰ ሰው ጨውም ስለጎደለው ምግብ ይብላ፤ ወይም አንድ ከረጢት ለምለም የተባለው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር (ኦ.አር.ኤስ.) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ ይሰጠው። ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ይጥባ።

ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ሲመጣ ብዙውን ጊዜ ጥላ፣ እረፍትና ውሃ ይበቃል። ሰውየው መዘባረቅ፣ መንገዳገድ ወይም ራሱን መሳት ከጀመረ ግን ነፍሱ አደጋ ላይ ናት፤ ቆዳው ላብ ቢኖረውም እንኳ። ጋምቤላ የወባ አገር ስለሆነ «ወባው ተነሳበት» ተብሎ ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማስተኛት ይቀናል። ኪኒኑ የሚሠራው አንጎል ራሱ ሙቀቱን ከፍ ባደረገበት ትኩሳት ላይ ነው። በፀሐይ በተመታ ሰው ግን አንጎል ማብረድ እየፈለገ አቅም አጥቷል፤ ስለዚህ ኪኒኑ አይደርስለትም። ወደ ጥላ ማስገባት፣ ልብሱን ማቅለል፣ ከራስ እስከ እግሩ ውሃ እያፈሰሱ ያለማቋረጥ ማራገብ ነው የሚያድነው። ራሱን ከሳተ በጎኑ ይተኛ፤ በአፉ ምንም አይሰጠው። እየቀዘቀዘ ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ፤ የወባ ምርመራውም እዚያ ይደረግለት።

ሌሊቱን ከግለቱ ሸሽቶ ደጅ የሚተኛ ቤተሰብም አጎበሩን ይዞ ይውጣ። አራት እንጨት ተክሎ ጫፎቹን ማሰር፣ ታችኛውን ጠርዝ ምንጣፉ ሥር መሸጎጥ ነው፤ ነፋሱ ይገባል፣ ትንኟ ትቀራለች።